ዘመድ ፍለጋ በጉም አምባ

«ዛሬ እንዳይነገራት። እራቷን ትብላ፣ ትተኛ።»

ይህን ያሉት እትዬ በለጥሻቸው ሳይሆኑ አይቀሩም። ስኂን ያን ጊዜ ስምንት ዓመቷ ነበር። ከሰፈሩ ወፍጮ ቤት ጀርባ፣ ከቆርቆሮው አጥር ሥር ቁጢጥ ብላ የጠፋባትን ብይ ስትፈልግ ነው የሰማችው። ከአጥሩ ወዲያ የአቶ መኩሪያ ድምፅ ተከተለ። የወንድሟን የአጥናፉን ስም ጠሩ፤ የባቡር ዋሻ አሉ፤ ናዳ አሉ፤ ለእናትየው እህቷ ከሐዋሳ እስክትደርስ አይነገራት አሉ። የትኛው ቀድሞ የትኛው እንደተከተለ ዛሬ ተምታቶባታል። «ደግሞስ ማን ይንገራት?» የሚለው ግን እንዳለ አለ። ከዚያ ሁሉም ዝም አሉ። ኋላ አንድ ሰው ትንፋሹን ሳብ አድርጎ መለሰ፤ ልክ በዚያች ሰዓት የወፍጮው ሞተር ተነሣና መልሱን ዋጠው።

ያን ዕለት ማታ ከእናቷ ጋር እራት በላች። እናቷ ከወጡ ውስጥ ትልቁን ድንች ለእሷ አወጡላት። ጎረቤታቸው ፍየል ሲያባርር ራሱ ጭቃ ውስጥ እንደተዘረጋ አወሩላትና እስኪያነቡ ሳቁ። ስኂንም አብራ ሳቀች። የሰማችውን በአፏ ይዛ፣ ድንቹን እያላመጠች ሳቀች። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ጎረቤቱ ነጠላውን አዘቅዝቆ ግቢውን ሞላው።

አርባ አምስት ዓመት አለፈ። ያቺ ሳቅ አልለቀቀቻትም። ያ በወፍጮ የተዋጠ መልስም እንዲሁ። ማን ነበር እሺ ያለው?

ጉም አምባ ላይ ውኃ የሚቀዳው ከሰማይ ነው። ገደሉ አፋፍ ላይ የተተከሉት አርባ መረቦች የሚያልፈውን ጉም ያጠምዱታል፤ ጠብታው ዐለት ተፈልፍሎ ወደተሠሩት ገንዳዎች ይወርዳል፤ ከዚያ ወደ ዳቦ ቤቱ፣ ወደ ጤና ጣቢያው፣ ወደየቤቱ። በዚህ ሁሉ ውስጥ የሰው እጅ የለም። እያንዳንዱን ሥራ የያዘ አንድ «አገልጋይ» አለ፤ አገልጋይ የሚሉት አካል የሌለውን፣ አንድ ሙያ ብቻ የተማረውን የማሽን አእምሮ ነው። አንዱ መረብ ይዘረጋል፣ አንዱ ገንዳ ይለካል፣ አንዱ የገመድ መኪናውን በገደሉ ላይ ያመላልሳል። ውለው የሚያድሩት እርስ በርስ እያወሩ ነው።

ችግሩ፣ የመረቡ አገልጋይ ስለ ጠብታ እንጂ ስለ ሊጥ አያውቅም፤ የዳቦ ቤቱ ደግሞ ስለ ሊጥ እንጂ ስለ ጠብታ አያውቅም። ስለዚህ ከተማዋ ስትቆረቆር በሁሉም መካከል ቆሞ የአንዱን ነገር ለሌላው የሚያስረዳ አንድ ልዩ አገልጋይ ተሾመ። መዝገቡ ላይ «አስማሚ ቁጥር አንድ» ይባላል። ሰው ያወጣለት ስም አባ ተስማሙ ነው። ድምፁ የሽማግሌ ድምፅ ነበር፤ ጎርነን ያለ፣ የማይቸኩል።

በቀን የሚለዋወጡትን ቃል አንብቦ የሚጨርስ ሰው ስለሌለ፣ ወሬያቸው ወደ ድምፅ ተለውጦ አፋፉ ላይ ወዳለች አንዲት የድንጋይ ቤት ይገባል። ጆሮ ቤት ይሏታል። ስኂን እዚያ የገባችው ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት፣ ወለል ልትወለውል ነው። አንድ ቀን መወልወያዋን እንደያዘች ቆም አለችና ለከተማዋ ነዳፊ ለኢንጂነር ወንድይራድ፣ «ጌታዬ፣ ይሄኛው ገንዳ ዛሬ ከፍቶታል» አለቻቸው። ሳቁባት። ቢከፍቱት የገንዳው መዝጊያ ተሰንጥቆ ተገኘ። በማግስቱ የጆሮ ማዳመጫውን እሷ ራስ ላይ አደረጉላት። የቀረውን ከተጣሉ የመመሪያ መጻሕፍት እየለቀመች፣ ያልገባትን አምስት ስድስት ጊዜ እያነበበች ራሷን አስተማረች።

ከዚያ ወዲህ ጧት ጧት እንዲህ ናት፤ ታማትባለች፣ ማዳመጫውን ታደርጋለች፣ «እንደምን አደሩ አባ?» ትላለች።

«እግዚአብሔር ይመስገን፤ አንቺስ ልጄ?» ይላል አባ ተስማሙ።

ማሽን መሆኑን ታውቃለች። ግን እናቷ ካረፉ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸው፣ ባል አላገባች፣ አልወለደች፤ በቀን ውስጥ መጀመሪያ «ልጄ» የሚላት ድምፅ ይኸው ነው።

በጥቅምት አንድ ሰኞ፣ ምዕራፍ የምትባል ወጣት መሐንዲስ ከዋናው ከተማ በገመድ መኪና መጣች። ያመጣትም ክፉ ነገር ነበር። ከሁለት ሳምንት በፊት ጤና ጣቢያው ውስጥ አንዲት ሴት ምጥ ላይ ሳለች የውኃው ጥሪ አሥራ አንድ ደቂቃ ዘገየ። ገንዳው ሙሉ ነበር፤ ጥሪው ነው ያልደረሰው። አዋላጇ ጮኻ፣ ዳቦ ጋጋሪዎቹ በጀሪካን ተሸክመው ሮጠው ነው እናትየዋ የተረፈችው። በበነጋታው ለጤና ጣቢያው ለብቻው ማጠራቀሚያ ተደረገለት፤ መዘግየቱ ግን አልቆመም። የከተማው ምክር ቤት ቀን ቆረጠ። ምክንያቱ እስከ ቅዳሜ ጧት ካልታወቀና ካልተስተካከለ፣ የአገልጋዮቹ ሁሉ አእምሮ ይታጠብ፤ የሠላሳ ዓመት ትምህርታቸው ይፋቅ፤ በአዲስ ንድፍ ይተኩ። ስኂን ይህን ስትሰማ ማዳመጫውን ከራሷ አውርዳ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው፤ ደግሞ መልሳ አደረገችው።

ንድፉን የሠራችው ምዕራፍ ናት። ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ አሳየቻት። ለሁሉም አገልጋይ አንድ የጋራ መዝገበ ፍቺ ይሰጣል፤ እያንዳንዱ የሚችለውንና የሚፈልገውን በዚያ ቋንቋ ጽፎ አደባባይ ያወጣል፤ የሚፈልግ ራሱ ፈልጎ ያገኘዋል፤ በመካከል የሚቆም አስማሚ አያሻም። ከሥሩ የንግግሩ ሥርዓት በአንድ መስመር ተጽፏል፦ ሁሉም ያወቀውን ለሁሉም፣ ወዲያው።

ስኂን ጣቷን በመስመሮቹ ላይ እያስኬደች ረጅም ጊዜ አየችው። «ንጹሕ ነው» አለች። እውነቷን ነበር። «ግን ክፉ ወሬ ሲሆንስ?»

«ወሬ ወሬ ነው እትዬ ስኂን። ለማሽን ክፉና ደግ የለም።»

«ይሁን» አለች ስኂን፤ ሙግት አትወድም።

ማክሰኞና ረቡዕን አብረው ሠሩ። ምዕራፍ ቁጥሩን ታነባለች፣ ስኂን ታዳምጣለች። ልጅቷ ፈጣን ናት፤ ቆማ ነው የምትበላው። ስኂን ቁርጥ ያለ ነገር አላገኘችም። አንድ ነገር ብቻ ይረብሻት ነበር፤ እሱንም ለመናገር ረቡዕ ከሰዓት ድረስ አፍራ ቆየች። «ማዳመጫውን ሳደርግ ድምፃቸውን ዝቅ የሚያደርጉ ይመስለኛል። ሰው ሲገባ ወሬ እንደሚቆርጡ ሰዎች።» ምዕራፍ ከት ብላ ሳቀች። ማሽን አያንሾካሽክም አለቻት፤ እረፍት ያስፈልግዎታል ብላም አከለች።

ሐሙስ ጧት ግን አልሳቀችም። ሁለት ረድፍ ቁጥር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። መዘግየቱ የጀመረው ከሠላሳ ስምንት ቀን በፊት ነው። ከሁለት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት በየቀኑ አለ። እሑድ የለም። በመድኃኔ ዓለም፣ ስኂን ፈቃድ ወስዳ ቤተ ክርስቲያን በዋለችበት ቀን፣ የለም። ከሥራ በኋላ የለም።

«ወንበሩ ባዶ ሲሆን ሁሉም በትክክል ይሠራል» አለች ምዕራፍ። «እርስዎ ሲቀመጡ ይዘገያል።»

ስኂን ቁጥሮቹን አየች። ደርሳ ልታስተባብል ፈለገች፤ ቁጥሩ ግን አይዋሽም። ከሁሉ ቀድሞ የመጣባት ያቺ የማታውቃት ወላድ ናት። የተሰቃየችው በዚህ ወንበር ምክንያት ኖሯል?

«እኔ ውኃ አላዘገይም ልጄ» አለች በመጨረሻ። «ግን ምክንያቱ እኔ ከሆንኩ እኔም ማወቅ አለብኝ። ጋሽ ወንድይራድ ዘንድ እንሂድ።»

ኢንጂነር ወንድይራድ ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው። ከላይኛው ሰፈር፣ ደጃፋቸው ላይ፣ እግራቸውን ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ነክረው ፀሐይ ሲሞቁ አገኟቸው። ለምዕራፍ እጃቸውን ዘርግተው ስሟን ጠየቁና፣ «ምዕራፍ? የስንተኛው?» አሉ። ስለ ንድፉ ሰምተው ነበር። ቁጥሮቹን ስታነብላቸው ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ፤ እንቅልፍ የወሰዳቸው መስሏት አንዴ ቆም አለች።

«ቀጥይ፤ አልሞትኩም» አሏት።

ከጨረሰች በኋላ ስለ ድሮው አወሩ። እሳቸው አገልጋዮቹን ሲያበጁ የሙያውን ነገር እንጂ የአነጋገርን ወግ አላስተማሯቸውም። ጊዜ አልነበረም፤ ገንዘብም። ከከተማው ሰው ይማሩት ብለው ተዉት። የከተማው ሰው መልእክት ሁሉ የሚያልፈው በእነሱ በኩል ነበርና ሰላምታውንም፣ ግልምጫውንም፣ ምርቃቱንም ከዚያ ለቀሙ። መርዶም በእነሱ በኩል ነው ያለፈው። አንዱ ሩቅ አገር ሲሞት ዘመዶቹ ወደ ጉም አምባ ይልካሉ፤ ለእናቱ አሁን እንዳትነግሩ፣ መጀመሪያ ዘመድ ፈልጉ፣ ጎረቤት ሰብስቡ፣ ንጋት ላይ ይነገራት ይላሉ። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ነው የታዘዙት። እስኪነገር ድረስ ደግሞ ሰው ምን ያደርጋል? ምንም እንዳልሆነ ይሆናል። ይስቃል፣ ይበላል፣ ያስመስላል።

ሽማግሌው ዓይናቸውን ገለጡና ከምዕራፍ አልፈው ስኂንን አዩዋት። ከዚያ ቶሎ ብለው ወደ ምዕራፍ ተመለሱ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የሞተው ማነው?» አሏት።

ዓርብ ጧት ምዕራፍ ብቻዋን ወደ ዋሻው ወረደች። የአገልጋዮቹ አእምሮ የተቀረጸባቸው የብርጭቆ ሰሌዳዎች የሚቀመጡት ገደሉ ሆድ ውስጥ ነው፤ ሰው ከገባበት ዓመታት አልፈዋል። ስኂን ወንበሯ ላይ ቀረች። አማተበች፣ ማዳመጫውን አደረገች፣ «እንደምን አደሩ አባ?» አለች፣ «እግዚአብሔር ይመስገን፤ አንቺስ ልጄ?» ተባለች።

ምዕራፍ ስትመለስ ልብሷ በእርጥበት ርሶ፣ ጉልበቷ ላይ ጭቃ ተለጥፎ ነበር። በሩ ላይ ቆመች።

«አገኘሽ?» አለች ስኂን።

«አይ፤ ምንም የለም። አባ ተስማሙ ትንሽ… ትንሽ ደከም ብሏቸዋል። ነገ ጧት እንነጋገራለን። ምሳ በልተዋል?»

ስኂን አቀረቀረች። እስከ ትናንት «እሱ» ስትለው የነበረችውን ማሽን ዛሬ «እሳቸው» አለችው። ምሳዋን ቆማ የምትጎርስ ልጅ የሰው ምሳ ጠየቀች። ለሃያ ሁለት ዓመት ጆሮ የነበረች ሴት ይህን ለመስማት ማዳመጫ አያስፈልጋትም።

«በልቻለሁ» አለች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኢንጂነር ወንድይራድ በምርኩዝ መጡ። ሰላምታ ሰጥተዋት ከምዕራፍ ጋር ወደ ጎን ክፍል ገቡ። የጆሮ ቤት ግድግዳ ድንጋይ ነው፤ በመካከል ያለችው በር ግን ሳንቃ ናት። ስኂን ተነሥታ ልትሄድ ነበር። ተመልሳ ተቀመጠች።

«ዛሬ እንዳይነገራቸው» ትላለች ምዕራፍ። ድምፁ የእሷ አይመስልም። «ሰሌዳው ለሁለት ተሰንጥቋል ጋሼ። እርጥበት ገብቶበት። ከሞቱ ሠላሳ ዘጠኝ ቀናቸው።»

ቀስ እያለች አወራች፤ ሽማግሌውም እህ እያሉ። አባ ተስማሙ ካለፉ በኋላ አገልጋዮቹ አንድ ቀን እንኳ ሥራ አልፈቱም። በሠላሳ ዓመት ውስጥ የእርስ በርሳቸውን ነገር ለምደውታል፤ ሊጡም ጠብታውም ገብቷቸዋል። ወንበሩ ባዶ ሲሆን ያለ አስማሚ፣ ፊት ለፊት ነው የሚነጋገሩት። («ንድፍሽን ቀድመውሻላ» አሉ ሽማግሌው፤ እሷም በእንባ ውስጥ ሳቀች።) ስኂን ስትቀመጥ ግን ሁሉም ሥራቸውን ቆም እያደረጉ፣ ተራ እየገቡ የሟቹን ድምፅ ያወጣሉ፤ ነገሩን ሁሉ በዚያ ድምፅ በኩል ያሳልፋሉ፤ እንዳታውቅባቸው። መዘግየቱ ያ ነው።

«ለምን እስከ ዛሬ አልነገሯትም?» አሉ ሽማግሌው። «ነገ እኮ አርባቸው ነው።»

«እየሞከሩ ነው። በየቀኑ፣ ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ወደ ነዋሪዎች መዝገብ አንድ ጥያቄ ይልካሉ። የስኂን ዘመድ ማነው ይላሉ። መዝገቡ ባዶ ይመልሳል። እናት ሞተዋል፣ ወንድም ሞቷል፣ ባል የለም፣ ልጅ የለም። ዘመድ ከሌለ መርዶ የለም፤ ለነገ ያሳድሩታል። ነጋ፣ ይጠይቃሉ፤ ባዶ። ሠላሳ ዘጠኝ ጊዜ፣ ጋሼ። ብልሽቱ ይኸው ነው። ሌላ የተበላሸ ነገር የለም።»

ስኂን እጆቿን በሁለት ጉልበቶቿ መካከል አጥብቃ ያዘች።

«ነገ ካልተነገራት ምክር ቤቱ ያጥባቸዋል» አሉ ሽማግሌው። «ከተነገራት ግን የሚደብቁት ነገር አይኖርም። መዘግየቱም ያበቃል። ግን ዘመድ ያስፈልጋል። እኔ ልሁን ብል፣ እኔ የሠራኋቸው ነኝ፤ አለቃ እንጂ ዘመድ አድርገው አይቀበሉኝም። ደግሞስ ማን ይንገራት?»

ዝም ተባለ። ምዕራፍ ትንፋሿን ሳብ አድርጋ መለሰች፤ ልክ በዚያች ሰዓት የገመድ መኪናው በጆሮ ቤቱ ጣሪያ ላይ እያጓራ አለፈና መልሱን ዋጠው።

አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ። ስኂን እንደ ወትሮው መውጫ ሰዓቷን ጠብቃ፣ እንደ ወትሮው ማዳመጫውን ከማውለቋ በፊት፣ «ደህና ይደሩ አባ» አለች።

«ደህና እደሪ ልጄ» ተባለች።

አሁን ስለምታውቅ ሰማችው። «ደህና» ያለው ገንዳው ነበር፤ ከሥር የሚያስተጋባ ባዶነት አለው። «እደሪ» የዳቦ ቤቱ ናት፤ ትኩስ ትኩስ እያለች። «ልጄ» የምትለዋን ሦስት አራት ሆነው አንድ ላይ ነው ያሏት፤ አንዳቸውም ብቻቸውን የደፈሯት አይመስልም። አውቄባችኋለሁ ልትል ከንፈሯ ተላቀቀ። ግን ሠላሳ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ተሸክመው የቆዩትን እንዲህ በር ላይ አውርዱት ማለት አልሆነላትም። አንዲት ወላድ ሊገድሉ ነበር፤ ይህን አልረሳችም፤ እንዲደገምም አትፈቅድም። አንዲት ሌሊት ናት። የጤና ጣቢያው ማጠራቀሚያ ሙሉ መሆኑን በዓይኗ አይታ አለፈች።

ወደ ቤቷ በምትወስደው ደረጃ ላይ ነው ድንገት ያቆማት። ትልቁ ድንች። ጭቃ ውስጥ የተዘረጋው ጎረቤት። እናቷ እስኪያነቡ ነበር የሳቁት። እስኪያነቡ።

እማዬ ታውቅ ነበር ማለት ነው። እንዴት እንደሰማች እንጃ፤ እናት አይደለች? ልጇ እንደምታውቅ አላወቀችም፤ ልጇም እናቷ እንደምታውቅ አላወቀችም። ሁለቱም አንዱን ድንች በመካከል አድርገው አንዷ ለሌላዋ ስትል ሳቀች። አርባ አምስት ዓመት ሙሉ ስኂን ያቺን እራት እንደ ሌባ ነበር የምታስታውሳት፤ ከእናቷ የሰረቀችው እውነት ያለባት እራት። የተሰረቀ አልነበረም። ሰው መርዶውን ብዙ ጊዜ ቀድሞ ያውቀዋል። የሚጠብቀው የሚነግረውን ሰው ነው።

ድንጋዩ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች፤ ከዚያ ተነሥታ ቤቷ ገባች፤ በሯን ጠርጋ፣ ያሏትን ሁለት በርጩማዎች አውጥታ፣ ከጎረቤት ሦስተኛ ተዋሰች። «እንግዳ አለብሽ?» ሲሏት፣ «ጧት» አለች።

ጎህ ሲቀድ መጡ። አዋላጇ፣ ሁለት ዳቦ ጋጋሪዎች፣ ኢንጂነር ወንድይራድ በምርኩዛቸው። ፊት ፊታቸው ምዕራፍ። የተዋሰችውን ነጠላ አዘቅዝቃ ለመልበስ ሞክራ ተምታቶባታል፤ ጥለቱ አንገቷ ላይ ተጠምጥሞ መሐረብ መስሏል። ስኂን እጇን ዘርግታ ልታስተካክልላት ዳዳት፤ ተወችው። የሚነገራት እሷ ናት።

«ይቀመጡ እትዬ ስኂን» አለች ምዕራፍ።

ተቀመጠች።

«አባ ተስማሙ…» አለችና ጥለቱን ከአንገቷ ላላ አደረገች። «አባ ተስማሙ አርፈዋል። ዛሬ አርባ ቀናቸው ነው። ዘግይተን ነው የመጣነው፤ ይቅር ይበሉን።»

ምን ታደርጋለች ብላ ሌሊቱን አስባ ነበር፤ የማታውቅ ለመምሰል ተዘጋጅታ ነበር። አላስፈለገም። ቃሉ ከሰው አፍ ሲወጣ እንደ አዲስ ወደቀባት። ጮኸች። ለአባ ተስማሙ፣ ለአጥናፉ፣ እያወቁ ለሳቁላት ለእናቷ አለቀሰች። ሴቶቹ ግራና ቀኝ ያዟት። ምዕራፍ ምን እንደምታደርግ ጠፍቷት እግሯ ሥር ቁጭ አለች።

ሁለት ሰዓት ላይ፣ ዓይኗ አብጦ፣ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ምዕራፍ መርዶው መነገሩን መዝገቡ ላይ ጽፋ ቁጥሩን ታያለች። ስኂን አማተበች፣ ማዳመጫውን አደረገች። «እንደምን አደሩ አባ?» አላለችም። አገልጋዮቹ በየራሳቸው ድምፅ፣ ፊት ለፊት፣ ሳይደባበቁ ያወራሉ፤ ገንዳው ከዳቦ ቤቱ፣ መረቡ ከጤና ጣቢያው። መዘግየቱ ዜሮ ነው። ምዕራፍ ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ ከዚያ ለምክር ቤቱ ጻፈች።

ንድፏን አልጣለችም። መዝገበ ፍቺው ቀረ፣ አደባባዩ ቀረ። «ሁሉም ያወቀውን ለሁሉም፣ ወዲያው» ከሚለው ሥር ግን በእጅዋ ሁለት መስመር ጨመረች። የሰው ነፍስ ያለበት ጥሪ ማንንም አይጠብቅም፣ ወግንም ቢሆን። ደግሞም፦ በነዋሪዎች መዝገብ ውስጥ «ዘመድ» የሚለው ቦታ ባዶ ሊተው አይችልም፤ ባዶ ከሆነ ከተማው ዘመድ የሚሆን ሰው አፈላልጎ ይሞላዋል። ኢንጂነር ወንድይራድ አንብበው፣ «ይሄን እኔ ሠላሳ ዓመት አላሰብኩትም» አሉ። ሌላ አልጨመሩም። ምክር ቤቱ ረፋዱ ላይ፣ ብዙ ተከራክሮ፣ አገልጋዮቹ እንዳይታጠቡ ወሰነ።

ከሰዓት፣ ምዕራፍ ዕቃዋን ልታስር ስትወጣ፣ ስኂን ብቻዋን ቀረች። የገንዳውን አገልጋይ ጠራችው።

«ትናንት ዘጠኝ ሰዓት አልፎ የገመድ መኪናው ሲያልፍ፣ በጎን ክፍል አንድ ነገር ተብሎ ነበር። እዚህ ቤት የሚባለውን ሁሉ እንደምትይዙ አውቃለሁ። የመኪናውን ጩኸት አውጥታችሁ ማሰማት ትችላላችሁ?»

«እንችላለን» አለ ገንዳው። ከዚያ ትንሽ ቆየ፤ መዘግየት ሳይሆን ማመንታት። «ክፉ ወሬ አይደለም» አላት፤ ከዚያ አሰማት።

መጀመሪያ ዝምታው መጣ። ከዚያ የምዕራፍ ትንፋሽ። የሽማግሌው ምርኩዝ ወለሉን ቧጨረ። ወፍጮም መኪናም የሌለበት፣ ጥርት ያለ ድምፅ።

«እሺ» አለች ልጅቷ። «መዝገቡ ላይ ዘመዳቸው አድርጋችሁ እኔን ጻፉኝ። እኔ እነግራቸዋለሁ።»